መስመሩን ማን ዘጋው? የወረፋና የድንገተኛ ብዛት ታሪክ

የዚህ እትም የታሪክ ገጻችን ስለ ነገሥታትም ስለ ጦርነትም አያወራም። የሚያወራው ስለ ወረፋ ነው። «ወረፋ ደግሞ ምን ታሪክ አለው? በየቀኑ የምንቆምበት አይደለም እንዴ?» የሚለን አይጠፋም። ግን አለው። እንዲያውም የጻፈው ሰው እንደኛው አስተማሪ ነበር።

ነገሩን ያነሳሳን በኮምፒውተር ክፍላችን የደረሰው ነው። የፈተና ውጤት በኢንተርኔት ተለቋል የሚል ወሬ ጠዋት ተሰማ። ክፍሉ ውስጥ 14 ማሽኖች አሉ፣ ሁሉም የሚተነፍሱት በአንዲት ቀጭን መስመር ነው። በአንድ ማሽን ላይ አራት አምስት ተማሪ ተደራርቦ ሁሉም አንድ ገጽ ለመክፈት ታገለ። ገጹ ግማሽ ድረስ ይመጣል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ተማሪው እንደገና ይጫናል፣ እንደገና ቀጥ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የቢሮው ኮምፒውተር ሳይቀር መስመር አጣ። ኃላፊው መጡና «ቫይረስ አስገብታችሁብናል» ብለው ክፍሉን ለሁለት ቀን ዘጉት። ተማሪዎቹ ጭጭ ብለው ወጡ። አንዲት የፎርም 3 ተማሪያችን ግን በር ላይ ቆማ «መምህር፣ ምን አጠፋን? ያው ገጽ መክፈት ብቻ ነው እኮ» አለችን።

ለልጅቷ ያን ዕለት በቂ መልስ አልሰጠናትም። ይህ ጽሑፍ የዘገየው መልሳችን ነው። /በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።/

ታሪኩ የሚጀምረው ከኢንተርኔት ሳይሆን ከስልክ ነው። ከመካከላችን በዕድሜ ገፋ ያልነው እናስታውሳለን፤ አገር ቤት ሳለን ክፍለ ሀገር ለመደወል ቴሌ ሄደን፣ ስማችንንና ቁጥሩን አስመዝግበን፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን «ቁጥር ሦስት ግቡ!» እስኪባል እንጠብቅ ነበር። አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይፈጃል። በበዓል ዋዜማ ከሆነማ አለመሄድ ይሻላል። ለምንድን ነው? ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ለራሱ ብቻ የተዘረጋ መስመር ስለሌለው ነው። በጥር ወር 1878 በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ የመጀመሪያው የንግድ ስልክ ማዞሪያ ሥራ ሲጀምር ደንበኞቹ 21 ብቻ ነበሩ። ሃያ አንዱም በአንዴ አይናገሩም በሚል ግምት ጥቂት መስመር ለብዙ ሰው ያገለግላል። ስልክ፣ ቦኖ ውሃ፣ ክሊኒክ፣ ኢንተርኔት ሁሉም የቆሙት በዚህ ግምት ላይ ነው። ግምቱ በተሳሳተ ቀን ነገር ይበላሻል።

ያ ማዞሪያ ሥራ በጀመረበት በዚያው ወር፣ ጥር 1 ቀን 1878፣ በዴንማርክ ሎንቦር በሚባል መንደር አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ተወለደ። አባቱ የመንደሩ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። ልጁም በኮፐንሀገን ዩኒቨርሲቲ ሂሳብ ተምሮ በ1901 ከተመረቀ በኋላ ለዓመታት በተለያዩ ትምህርት ቤቶች አስተማረ። በትርፍ ጊዜው የሂሳብ ማኅበር ስብሰባ እየሄደ ከዮሐን የንሰን ጋር ተዋወቀ። የንሰን በኮፐንሀገን ስልክ ኩባንያ ዋና መሐንዲስና ራሱም ስመ ጥር የሂሳብ ሰው ነበር። በእሱ በኩል ኤርላንግ በ1908 ኩባንያው ውስጥ ገባ።

የቀረበለት ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ለአንድ ከተማ ስንት መስመር ይበቃል? ብዙ ከዘረጋህ ገንዘብ ይባክናል። ትንሽ ከዘረጋህ ደንበኛው «መስመር ተይዟል» እየተባለ ይናደዳል። ከእሱ በፊት ይህ በግምትና በልምድ ነበር የሚሠራው። ኤርላንግ በ1909 ባወጣው ጽሑፍ ሰዎች ሳይመካከሩ በየራሳቸው ጊዜ ሲደውሉ እንኳ ብዛታቸው የታወቀ የዕድል ሕግ እንደሚከተል አሳየ። በ1917 ደግሞ ስንት መስመር ቢኖር ስንቱ ደዋይ እንደሚመለስ፣ ወይም ስንት እንደሚጠብቅ፣ የሚያሰላውን ቀመር አወጣ። በ1929 በ51 ዓመቱ አረፈ። በ1946 የስልክ ጭነት መለኪያ በስሙ «ኤርላንግ» ተባለ።

ተማሪዎች ይህን በደብተራችሁ ሞክሩት። አንድ መስመር ብቻ አለ እንበል። የሚመጣው የጥሪ ጭነትም አንዱን መስመር ቀኑን ሙሉ ለመያዝ የሚበቃ፣ ማለትም 1 ኤርላንግ ነው። ብዙ ሰው «እንግዲያው በልክ ነዋ፣ ሁሉም ይስተናገዳል» ይላል። አይደለም። በኤርላንግ ቀመር ከደዋዮቹ ግማሾቹ መስመር ተይዞ ይመለሳሉ። ምክንያቱም ሰው በተራ በተራ አይመጣም፤ አንዳንዴ ሦስት በአንዴ ይደውላል፣ አንዳንዴ ማንም አይደውልም፣ ያለፈው ባዶ ጊዜ ደግሞ ተመልሶ አይገኝም። ሁለተኛ መስመር ብትጨምሩ ተመላሹ ወደ 20 በመቶ ይወርዳል። ሦስተኛ ብትጨምሩ ወደ 6 በመቶ ገደማ። ትንሽ ትርፍ ማስቀመጥ ይህን ያህል ዋጋ አለው።

አሁን ወደ ራሳችን ቦኖ እንምጣ። በእርዳታ ሥራ የሚታወቀው የስፊር መመሪያ በደቂቃ 7.5 ሊትር ለሚሰጥ አንድ ቧንቧ 250 ሰው ይመድባል። ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ቢባል 250 ሰው 3750 ሊትር ይፈልጋል። ይህ ለቧንቧው 500 ደቂቃ፣ ማለትም 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሥራ ነው። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት ደግሞ 2 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ይወስዳል። ይህን ያዙልን።

ከኤርላንግ ሥራ የተወለደው ቀላሉ የወረፋ ቀመር እንዲህ ይላል። ሰው ባልተወሰነ ጊዜ ሲመጣ፣ አንዱ ትንሽ ዕቃ አንዱ ትልቅ ይዞ ሲመጣ፣ ቧንቧው ከጊዜው ግማሹን ብቻ ሥራ ላይ ከሆነ አንድ ሰው ከመጣበት እስከሚሄድበት በአማካይ የመሙያውን ጊዜ ሁለት እጥፍ ይቆያል፤ 5 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ መሆኑ ነው። ቧንቧው 90 በመቶ ሲጠመድ ቆይታው አሥር እጥፍ ይሆናል፣ 26 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ። 95 በመቶ ሲሆንስ? ሃያ እጥፍ! 53 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ። ከ90 ወደ 95 ለመድረስ የሚያስፈልገው በየ18 ሰው ላይ አንድ ሰው መጨመር ብቻ ነው። መቶ በመቶ ላይ ሲደርስ ወረፋው ማለቂያ የለውም፣ እየረዘመ ብቻ ይሄዳል።

እኛ ይህን ቁጥር መጀመሪያ ስናሰላው ተሳስተናል ብለን ደግመን አሰላን። ምክንያቱም በቦኖው ላይ ሁልጊዜ የምንሰማው ሌላ ነው። «አዲስ መጤዎቹ ከመጡ ወዲህ ነው የተበላሸው» ይባላል። ከመካከላችን ብዙዎቻችን እኮ በተራችን አዲስ መጤ ነበርን፣ ይኸው ቃል በእኛም ላይ ተብሏል። በ2011 በሶማሊያ ድርቅና ጦርነት ተደራርቦ ሕዝቡ ሲፈልስ ወደ ኬንያው ዳዳብ በቀን ከ1000 በላይ ሰው የገባበት ጊዜ ነበር። ካምፖቹ ለ90000 ሰው የታሰቡ ሲሆኑ በዚያው ዓመት ከ400000 በላይ ሰው ይዘው ነበር። ቧንቧው አስቀድሞ 90 በመቶ ተጠምዶ ከነበረ አሥራ ዘጠነኛው ሰው ምን ያድርግ? ጀሪካኑን ይዞ መጣ እንጂ ሌላ ያደረገው ነገር የለም።

ወደ ኢንተርኔቱ እንመለስ። አንድ ገጽ የሚቀመጥበት አስተናጋጅ ኮምፒውተር /ሰርቨር/ ከቦኖው ብዙ አይለይም። እያንዳንዱ ጠያቂ ከማሽኑ ትንሽ ማስታወሻ /ሜሞሪ/ እና ከመስመሩ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚያሳልፍ መስመር በሴኮንድ 125 ኪሎባይት ይሰጣል። ገጹ ከነሥዕሉ 300 ኪሎባይት ቢመዝን ለአንድ ሰው 2.4 ሴኮንድ ይፈጃል፤ በደቂቃ 25 ሰው ማለት ነው። በቀን ሃምሳ ስልሳ ጎብኚ ለሚመጣበት ትንሽ ገጽ ይህ ከበቂ በላይ ነው። አንድ ትልቅ መድረክ ስሙን ጠርቶት በአንድ ደቂቃ 1000 ሰው ቢመጣበት ግን የዚያ የአንድ ደቂቃ እንግዳ ብቻ የ40 ደቂቃ ሥራ ይሆናል።

ከዚህ በላይ የሚያብሰው ደግሞ የሰው ጠባይ ነው። ገጹ ሲዘገይ ሰው አይጠብቅም፣ እንደገና ይጫናል። ማሽኑ ግን የቀድሞውን ጥያቄ ገና አልጨረሰም፣ ባለቤቱ ጥሎት መሄዱንም ቶሎ አያውቅም። ስለዚህ አንድ ሰው ሦስትና አራት ሰው ሆኖ ይቆጠራል። ተማሪዎቻችን ያደረጉት ይህንኑ ነው። የቦኖው ወረፋ ቢያንስ ፊት ለፊት ይታያል፣ ተራህን ትቆጥራለህ። የኢንተርኔቱ ወረፋ አይታይም።

የዚህ ነገር ስም ታሪክም አለው። በ1973 ላሪ ኒቨን የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ ሰዎች በቅጽበት ከቦታ ቦታ መወርወር ስለሚችሉበት ዓለም አንድ ልብ ወለድ ጻፈ። የሆነ ነገር ተፈጠረ ተብሎ በዜና ሲነገር የዓለም ሰው ሁሉ ያን ቦታ ለማየት በደቂቃ ውስጥ ይጎርፋል። የጽሑፉ ርዕስ «ፍላሽ ክራውድ» ነበር፣ ድንገተኛ ሕዝብ እንደማለት። የኮምፒውተር ተመራማሪዎች ቆይተው ይህን ስም ወሰዱት። ከዚያ በ1997 ሮብ ማልዳ የተባለ የሚሺጋን ተማሪ ስላሽዶት የሚባል የቴክኖሎጂ ዜና ገጽ ጀመረ። ስላሽዶት ራሱ ብዙ አይጽፍም፣ «እዚያ ሄዳችሁ ይህን አንብቡ» እያለ ይጠቁማል እንጂ። የተጠቆመው ትንሽ ገጽ በሰዓታት ውስጥ ይወድቃል። ክስተቱ «የስላሽዶት ውጤት» ተባለ። ባለገጹ ጠዋት ሲነሳ አንባቢ አገኘሁ ብሎ ይደሰታል፣ ከሰዓት በኋላ አስተናጋጅ ድርጅቱ የተፈቀደልህን መጠን ጨርሰሃል ብሎ ይዘጋበታል ወይም ሂሳብ ይልክለታል። ከሳምንት በኋላ ደግሞ የመጣው ሰው አብዛኛው ተመልሶ አይታይም። ዝና እንዲህ ሲመጣ እንደ ጎርፍ ነው፣ ውሃውም አይጠራቀምም አጥሩንም ይወስዳል።

ሳይወድቅ የቆየም ነበር። በእንግሊዝ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክፍል ተመራማሪዎች የሚጋሩት አንድ የቡና ማፍያ ነበራቸው። ከሌላ ፎቅ ቡና ፍለጋ ወርደው ባዶ እየሆነባቸው ስለተማረሩ በ1991 ካሜራ ገጠሙለት፤ ቡናው መኖሩን ከወንበራቸው ሳይነሱ እንዲያዩ ነው። /እኛ ብንሆን ጀበናዋ አጠገብ እንቀመጥ ነበር።/ በ1993 ምስሉ በኢንተርኔት ለዓለም ተከፈተና ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ጎበኘው። በነሐሴ 2001 ካሜራው ሲጠፋ ማፍያው በጨረታ 3350 ፓውንድ አወጣ፣ የገዛውም የጀርመኑ ሽፒግል ነው። ሳይወድቅ የኖረው በትንሽነቱ ይመስለናል። ምስሉ ጥቁርና ነጭ፣ 128 በ128 ነጥብ ብቻ ነበር።

ትንሽነት ምን ያህል እንደሚያድን በግልጽ የታየው መስከረም 11 ቀን 2001 ነው። ኒው ዮርክ ላይ አውሮፕላኖቹ ሕንጻዎቹን ሲመቱ የዓለም ሰው ወደ ዜና ገጾች ተመመ። ሲኤንኤንን የመሰሉ ትልልቆቹ ሳይቀሩ አልከፍት አሉ። ሲኤንኤን ከገጹ ላይ ሥዕልና ማስታወቂያውን አውልቆ ወደ አጭር ጽሑፍ ቀየረው። በእኛ ስሌት ብንሄድ 300 ኪሎባይቱ ወደ 15 ቢወርድ በደቂቃ 25 ሰው ያስተናግድ የነበረው መስመር 500 ሰው ያስተናግዳል። አዲስ መስመር ሳይዘረጋ! ጉግል ደግሞ ያን ዕለት ዜና የሚፈልጉ ሰዎች ወደ ሬድዮና ቴሌቪዥን እንዲሄዱ በገጹ ላይ መልእክት ጻፈ። ማሠራጫ ሬድዮን ሚሊዮን ሰው ቢያዳምጠው አይከብደውም፣ አንድ ሰው ቢያዳምጠውም ያው ነው። ሬድዮናችንን የምንንቅ ወጣቶች ይህን ብናስታውስ ጥሩ ነው።

የዚያን ቀን ታሪክ ግን አንድ ሌላ ሰውም አለው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የድሩ ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ ይህ መጨናነቅ እንደሚመጣ አይቶ በኤምአይቲ ላሉ ባልደረቦቹ መፍትሔ ፈልጉ ብሎ ነበር። የሂሳብ ፕሮፌሰሩ ቶም ሌይተንና ተማሪው ዳንኤል ሉዊን ተያያዙት። ሐሳባቸው በአጭሩ ይህ ነው። አንድ መጽሐፍ ለመላው ካምፕ ቢኖርና ሁሉም ወደ አንድ ቤት ቢሄድ ወረፋ ነው። በየብሎኩ ቅጂ ቢቀመጥ ግን እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ያነባል። ጭንቁ የትኛው ቅጂ የት እንደሚቀመጥና አንባቢው በፍጥነት እንዴት እንደሚያገኘው ነው፣ ሂሳባቸው ያን ፈታ። በ1998 አካማይ የሚባል ኩባንያ መሠረቱ። መስከረም 11 ቀን የዜና ገጾች የተጨናነቁትን ጎርፍ ለመሸከም ከረዱት አንዱ የአካማይ ማሽኖች ነበሩ። ዳንኤል ሉዊን ግን ይህን አላየም። ከቦስተን የተነሳችውና የመጀመሪያውን ሕንጻ የመታችው አውሮፕላን ውስጥ ተሳፍሮ ነበር። ዕድሜው 31 ዓመት ነበር።

እንግዲህ የልጅቷ ጥያቄ። ኃላፊያችን ብዛትን ከጥቃት ጋር ቀላቀሉት። በዚህ ብቻቸውን አይደሉም። ሰኔ 25 ቀን 2009 ማይክል ጃክሰን በሞተ ዕለት ስሙን የሚፈልገው ሰው ከመብዛቱ የተነሳ የጉግል ማሽኖች ጥቃት ደረሰብን ብለው ጠረጠሩ። ለተወሰኑ ደቂቃዎች ዜና የሚፈልገውን ሰው ሁሉ ጥያቄህ ከማሽን የተላከ ይመስላል እያሉ መለሱት። በዓለም ታዋቂ መሐንዲሶች የሠሩት ማሽን የሐዘን ጩኸትን ከወረራ መለየት ካቃተው የእኛ ቢሮ ቢሳሳት አይገርምም። የሚያስከፋው ክፍሉ መዘጋቱ ሳይሆን ማንም ሳይጠይቅ ተማሪው ጥፋተኛ መባሉ ነው። እውነቱን ለመናገር እኛም መምህራኑ ዝም ብለን አየን። ያን ጊዜ መስመሩ ስንት እንደሚሸከም አንዳችንም አስልተን አናውቅም ነበር።

ኋላ ላይ ከፎርም 3 ተማሪዎች ጋር ተቀምጠን አሰላነው። 14 ማሽን፣ አንድ መስመር፣ ገጹ ከነምኑ ስንት ይመዝናል፣ አንድ ተማሪ ስንት ጊዜ ይጫናል። ሂሳቡን በአንድ ገጽ ጽፈን ለኃላፊው ሰጠናቸው። አንብበው ትንሽ ዝም አሉና «ታዲያ ምን ይሻላል?» አሉን። መልሱን የሰጡት ልጆቹ ናቸው።

በቀጣዩ ዓመት ውጤት ሲለቀቅ የተከፈተችው አንዲት ማሽን ብቻ ነበረች። ተማሪዎች የፈተና ቁጥራቸውን በወረቀት ጽፈው በየክፍላቸው አለቃ በኩል ላኩ። ያችው ጠያቂ ልጅ፣ ያን ጊዜ ፎርም 4 ሆና፣ ማሽኑ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ አወጣች። አንዱ መምህር አጠገቧ ሆኖ እያንዳንዱን ውጤት ለየብቻው በታጠፈች ወረቀት ጻፈ፤ የማንም ነጥብ አደባባይ እንዳይሰጣ ብላ ያሳሰበችውም እሷ ናት። የቀሩት 13 ማሽኖች ጠፍተው ነበር። በር ላይ የነበረው ግፊያ ቀርቶ ልጆቹ ዛፉ ሥር ተቀምጠው ጠበቁ፣ የቢሮውም መስመር ቀኑን ሙሉ አልተቋረጠም። ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ የመጨረሻዋ ወረቀት ወጣች። የእሷው የራሷ ነበረች፤ ተራዋን መጨረሻ ላይ ነበር ያደረገችው።